ቆጵሮስ ኩባንያ ለመክፈትም ቤተሰብ ይዞ ለማረፍም ትሆናለች ወይ?

ከፍራንክፈርት (ጠያቂ)

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ቆጵሮስ የምትኖሩ ወይም እየተመላለሳችሁ የምታውቋት ካላችሁ ምክራችሁን ፈልጌ ነው። የምኖረው ጀርመን ፍራንክፈርት ነው፣ ፓስፖርቴም የጀርመን ነው። ባለቤቴ ግን የኢትዮጵያ ፓስፖርትና የጀርመን መኖሪያ ፈቃድ ነው ያላት። ትምህርት ቤት የገቡ ሁለት ልጆች አሉን። ሥራዬ ሶፍትዌር ነው። ግማሾቹ ደንበኞቼ እዚሁ ናቸው፣ ግማሾቹ ዱባይ። እዚያ ካለ የድሮ የክፍል ጓደኛዬ ጋር አንድ ኩባንያ ልናቋቁም እየተነጋገርን ነው፣ እሱም "ቆጵሮስ እንክፈተው፣ የአውሮፓ ኅብረት አባል ናት፣ ግብሯ ትንሽ ነው፣ በእንግሊዝኛ ሥራ ይሠራል፣ በዚያ ላይ ባሕር አለ" ይለኛል። ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁት ጽሑፍ ሁሉ ግን አገልግሎት ሊሸጡልኝ የፈለጉ ሰዎች የጻፉት ስለሆነ ልቤ አላረፈም።

በተለይ ማወቅ የምፈልገው፣ እኔ ጀርመን እየኖርኩ ኩባንያውን እዚያ ብከፍት ያዋጣል ወይስ መሄድ አለብኝ? ባለቤቴ ያለ ችግር ትገባለች? ለፋሲካ ልጆቹን ይዘን ሄደን አገሩን ልናየው አስበናል፣ ጾም ስለምንጾም ምግቡም ያሳስበናል። ደግሞ አንድ ደላላ በሰሜን በኩል ባሕር ዳር አፓርታማ በግማሽ ዋጋ አለ እያለ ይደውልልኛል። ስለ እሱም የምታውቁትን ንገሩኝ። አመሰግናለሁ።

ሒሳብ ሠራተኛ፣ ሊማሶል

ወንድሜ ሰላም። ሊማሶል ውስጥ ሒሳብ ቢሮ ነው የምሠራው፣ እንዳንተ ዓይነት ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣል። ከዋናው ልጀምር። ፍራንክፈርት እየኖርክ ኩባንያህን ቆጵሮስ ብታስመዘግብ የምታተርፈው ነገር የለም። የጀርመን ግብር ሰብሳቢ የሚያየው ወረቀቱ የት እንደተመዘገበ ብቻ አይደለም፣ ኩባንያው ከየት ነው የሚመራው ብሎ ይጠይቃል። ሥራ አስኪያጁ አንተ ከሆንክ፣ ውል የምትፈርመው፣ ዋጋ የምትወስነው፣ ደንበኛ የምታናግረው እዚያው ቤትህ ከሆነ፣ ኩባንያው ለነሱ የጀርመን ግብር ከፋይ ነው። ይህንን ሳይነግሩህ "በአምስት ቀን ኩባንያ እንከፍትልሃለን" የሚሉ ሰዎች የሚከፈላቸው ለመክፈቻው ነው፣ በኋላ ደብዳቤው ሲመጣ አጠገብህ አይኖሩም። በጣም ያናድደኛል ይህ ነገር፣ ምክንያቱም ለፍተው ያጠራቀሙ የአገራችን ልጆች ናቸው የሚጎዱት።

የ60 ቀኑን ሕግም ሳይነግሩህ አልቀሩም። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ቆጵሮስ በዓመት 60 ቀን ብቻ የቆየን ሰው እንደ ነዋሪ ግብር ከፋይ ልትቀበለው ትችላለች። እውነት ነው፣ ሕጉ አለ። እዚህ ቤት ሊኖርህ ይገባል፣ እዚህ ሥራ ወይም የኩባንያ ኃላፊነት ሊኖርህ ይገባል፣ በሌላ በአንድ አገር ደግሞ ከ183 ቀን በላይ መቆየት የለብህም። ነገር ግን ሚስትህና ልጆችህ ፍራንክፈርት ካሉ፣ የቤቱ ቁልፍ ኪስህ ውስጥ ካለ፣ ጀርመን አንተን ነዋሪዬ ነው ማለቷን አታቆምም። ያ ሕግ የሚጠቅመው ሌላ አገር ቤት ለሌለው ነጠላ ሰው ነው እንጂ ለቤተሰብ አባወራ አይደለም።

አሁን መጥተህ የምትኖር ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፣ ያኔ ቆጵሮስ ጥሩ አገር ናት። የኩባንያ ትርፍ ግብር ለዓመታት 12.5% ነበር፣ ከ2026 መግቢያ ጀምሮ 15% ሆኗል። አሁንም 12.5% ብሎ የሚያስተዋውቅ ካየህ ድረ ገጹ አርጅቷል ማለት ነው። ከውጭ መጥቶ የሚኖር ሰው ከኩባንያው በሚወስደው የትርፍ ድርሻ ላይ ለ17 ዓመት ልዩ የመከላከያ መዋጮ የሚባለውን ግብር አይከፍልም፣ የሚከፍለው 2.65% የጤና መዋጮ ነው፣ እሱም ጣሪያ አለው። ለራስህ ደመወዝ የምትከፍል ከሆነና በዓመት ከ55,000 ዩሮ በላይ ከሆነ፣ ከዚህ በፊት እዚህ ላልኖረና ሥራውን እዚህ ለሚጀምር ሰው የደመወዙ ግማሽ ከገቢ ግብር ነፃ ነው። ሶፍትዌር ሠሪ መሆንህ ደግሞ አንድ በር ይከፍትልሃል። ራሳችሁ የሠራችሁትና መብቱ በኩባንያው ስም የሆነ ሶፍትዌር ካለ፣ ከእሱ ከሚገኘው ትርፍ እስከ 80% የሚሆነው ሳይቆጠር ይቀራል። ግን ሥራውን ራሳችሁ እንደሠራችሁት የሚያሳይ መዝገብ ይጠየቃል። ለደንበኛ በሰዓት የምትሠራው ሥራ እዚህ ውስጥ አይገባም፣ እና ብዙ ሰው ሁለቱን ያደባልቃል።

አከፋፈቱ ከባድ አይደለም። የኩባንያ ሕጋቸው ከእንግሊዞች የተወረሰ ነው፣ ምዕራፍ 113 ይባላል። ስም ታስጸድቃለህ፣ መመሥረቻ ጽሑፉን የአገሩ ጠበቃ ያዘጋጃል፣ ዳይሬክተርና ጸሐፊ ትሾማለህ፣ የተመዘገበ አድራሻ ይኖርሃል። አነስተኛ ካፒታል የሚባል ነገር ለግል ኩባንያ የለም። በየዓመቱ ይከፈል የነበረው 350 ዩሮም ከ2024 ጀምሮ ቀርቷል። የሚያስለቅሰው ባንኩ ነው። በ2013 ባንኮቹ ሲወድቁ ላይኪ የሚባለው ተዘጋ፣ ባንክ ኦፍ ሳይፕረስ ከ100,000 ዩሮ በላይ ካለው ተቀማጭ 47.5% ወስዶ ወደ አክሲዮን ቀየረው። ከዚያ ወዲህ ባንኮቹ ገንዘቡ ከየት መጣ፣ ደንበኞችህ እነማን ናቸው፣ ውል አሳይ እያሉ ይጠይቃሉ። አንዱ ባለድርሻ ዱባይ መሆኑ ጥያቄውን ያበዛዋል። ክፉ ነገር አለብህ ማለት አይደለም፣ ወረቀትህን ቀድመህ አዘጋጅ ነው የምልህ። የደንበኛ ውሎች፣ የባንክ መግለጫ፣ የግብር ማስረጃ፣ ሁሉንም።

አንድ ነገር ልጨምር። ጀርመን ከመልቀቅህ በፊት የግብር አማካሪ አናግር። በአንድ ኩባንያ ውስጥ 1% እና ከዚያ በላይ ድርሻ ያለው ሰው አገሩን ሲለቅ፣ ጀርመን ድርሻውን እንደሸጠው ቆጥራ ግብር ልትጠይቀው ትችላለች። ስለዚህ ኩባንያውን ከፍተህ፣ አሳድገህ፣ ከዚያ ብትወጣ ይብስብሃል። ብትወስን መጀመሪያ ውጣ፣ ከዚያ ክፈት።

ላርናካ የምኖረው

ስለ ግብሩ ወንድማችን ሁሉን ብሎታል፣ እኔ ስለ ኑሮው ልጻፍ። ላርናካ ከነቤተሰቤ ነው የምኖረው።

መጀመሪያ ስለ ባለቤትህ መግቢያ። ቆጵሮስ የአውሮፓ ኅብረት አባል ብትሆንም እስካሁን ሼንገን ውስጥ አይደለችም፣ መንግሥት በ2026 ለመግባት አቅዷል። የሼንገን አገር መኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው ግን ለብቻው የቆጵሮስ ቪዛ ሳይጠየቅ እስከ 90 ቀን ለጉብኝት ይገባል። ፓስፖርቷም ካርዷም ጊዜያቸው ያላለፈ ይሁን፣ ሁለቱንም ትያዝ። በላርናካ ወይም በጳፎስ አየር ማረፊያ ነው መግባት ያለባችሁ። በቱርክ ጦር እጅ ባለው በሰሜን በኩል ኤርጃን የሚባል አየር ማረፊያ አለ፣ በዚያ መግባት በቆጵሮስ ሪፐብሊክ ሕግ ሕገ ወጥ መግቢያ ነው፣ ትኬቱ ረክሶ ብታገኙትም ተዉት። ኑሮ ለማድረግ ስትመጡ ደግሞ አንተ በአውሮፓ ዜግነትህ ቢጫ ወረቀት የሚሉትን የምዝገባ ማስረጃ ታወጣለህ፣ እሷ በአንተ በኩል የቤተሰብ ካርድ ታወጣለች።

ፋሲካን መምረጣችሁ ደስ ብሎኛል። የእኛ ፋሲካና የነሱ ፋሲካ በአንድ ቀን ይውላል፣ ፈረንጅ አገር ለኖረ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ። ጀርመን ውስጥ ልጆቹ ትምህርት ቤት እያሉ እኛ ስቅለት ላይ ነን፣ እዚህ ግን አገሩ ሁሉ ስቅለት ላይ ነው። ዓርብ ማታ በየሰፈሩ የአበባ መቃብር ይዘው ይዞራሉ፣ ቅዳሜ ሌሊት በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ትልቅ እሳት ይነዳል። ከተቻላችሁ ከሆሳዕና በፊት ባለው ቅዳሜ ላርናካ ድረሱ። የአልዓዛር ቀን ነው። በነሱ ትውፊት አልዓዛር ከሞት ከተነሣ በኋላ ወደዚህ መጥቶ የከተማዋ የመጀመሪያ ጳጳስ ሆኗል፣ በስሙ የተሠራው ቤተ ክርስቲያን ከ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቆሟል፣ በዚያ ቀን ሥዕሉ በከተማው መንገድ ይዞራል። ውስጡ ገብታችሁ ከመሠዊያው ሥር ወዳለው መቃብር መውረድ ትችላላችሁ። ቁርባኑ ግን አንድ አይደለም፣ ከኬልቄዶን ጉባኤ ጀምሮ የተለያየን ነን፣ ስለዚህ ለጸሎት ግቡ እንጂ ለመቁረብ አትቅረቡ። ገናቸውን ደግሞ በታኅሣሥ 25 በፈረንጆቹ ነው የሚያከብሩት፣ በዚያ አንገናኝም።

ጾሙን በተመለከተ ምንም አታስቡ። በዐቢይ ጾም ዳቦ ቤቱም ምግብ ቤቱም የጾም የሚል ምልክት ይለጥፋል። ሎቪ የሚሉት አደንጓሬ ከቆስጣ ጋር ተቀቅሎ፣ የወይራ ዘይትና ሎሚ ተጨምሮበት ይበላል። በሰሊጥ የተሠራ ታሂኖፒታ አለ፣ ሃልቫ አለ፣ የወይን ቅጠል በሩዝ አለ። የነሱ ጾም ኦክቶፐስና ሽሪምፕ ይፈቅዳል፣ ስለዚህ የጾም ነው ቢሏችሁም ውስጡ ምን እንዳለ ጠይቁ። ሲፈሰክ ደግሞ ፍላውና የሚባል አይብና እንቁላል የገባበት ዳቦ በየቤቱ ይጋገራል፣ ጎረቤት ያመጣላችኋል። ልጆች የሚወዱት ሃሉሚ አይብም የዚህ አገር ነው፣ በ2021 የአውሮፓ ኅብረት ስሙን ለቆጵሮስ ብቻ አስከብሮታል።

ለልጆች የምመርጠው ፕሮታራስን ነው፣ አሸዋው ነጭ ነው፣ ባሕሩ ጥልቅ አይደለም። አያ ናፓ በበጋ የወጣት ጭፈራ ቦታ ነው፣ በክረምት ሱቁም ሆቴሉም ይዘጋና ሰው የለም። በፋሲካ ውኃው ገና ይቀዘቅዛል። በደንብ መዋኘት ከግንቦት መጨረሻ እስከ ጥቅምት ነው፣ የእኔ ምርጫ ጥቅምት ነው። ነሐሴን እለፉት፣ ኒቆስያ 40 ዲግሪ አልፎ ይሄዳል፣ ልጅ ይዞ አይቻልም። ባሕር ሲሰለቻችሁ ትሮዶስ ተራራ ውጡ። ጫፉ 1,952 ሜትር ነው፣ በክረምት በረዶ ላይ ይንሸራተታሉ። ከሊማሶል በመኪና አንድ ሰዓት ያህል ነው። እዚያ ተራሮች ውስጥ ግድግዳቸው በሙሉ በሥዕል የተሸፈነ ትንንሽ አብያተ ክርስቲያናት አሉ፣ አሥሩ በዩኔስኮ ተመዝግበዋል። ጎንደርን ላየ ሰው ልብ ይነካሉ፣ ቅዱሳኑን በዓይናቸው ታውቃቸዋለህ። ኪኮስ ገዳም ደግሞ ቅዱስ ሉቃስ ሣላት የምትባለው የእመቤታችን ሥዕል አለች፣ ፊቷ ተሸፍኖ ነው ያለው።

ባቡር የለም፣ አውቶቡሱም ደካማ ነው፣ መኪና ተከራዩ። መንጃው በግራ መስመር ነው፣ መሪው በቀኝ፣ ለጀርመን ሹፌር የመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። የኪራይ መኪና ሰሌዳው ቀይ ስለሆነ ሰው አይቶ ይታገሥሃል። ሶኬቱም የእንግሊዝ ነው።

ለኑሮ ላርናካ ከሊማሶል ይረክሳል፣ ግን ከዩክሬን ጦርነት ወዲህ ኩባንያዎች ከነሠራተኞቻቸው ስለመጡ ኪራይ በሁሉም ቦታ ጨምሯል፣ ሊማሶል በጣም። የመንግሥት ትምህርት ቤት በግሪክኛ ነው። በእንግሊዝኛ የሚያስተምሩት የግል ናቸው፣ የሁለት ልጅ ክፍያ ከግብሩ ያተረፍከውን ሊበላው ይችላል፣ ከመወሰንህ በፊት አስላው። ልጆቹ ትንንሾች ከሆኑ ግሪክኛውን ይለምዱታል፣ የኔዎቹ ለምደዋል። ሕክምናው ጥሩ ነው። በ2019 የጀመረ ጌሲ የሚባል የጤና ሥርዓት አለ፣ ሥራ ይዘህ መዋጮ ስትከፍል ቤተሰብህ ይገባል፣ የግል ሐኪምህን በነፃ ታያለህ፣ እሱ የላከህ ስፔሻሊስት ጋ 6 ዩሮ ትከፍላለህ።

ከነታንያ

ልጄ፣ እኔ የምጽፍልህ ስለ ደላላው ነው። ሌላውን ልጆቹ በደንብ አስረድተውሃል።

ከእስራኤል ላርናካ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም፣ የእኛ ሰው ብዙ ይመላለሳል። ለዕረፍት ይሄዳል፣ ለጋብቻም ይሄዳል። እስራኤል ውስጥ በማዘጋጃ ቤት ጋብቻ የሚባል ነገር የለም፣ ሁሉም በሃይማኖት ፍርድ ቤት በኩል ነው፣ ስለዚህ ራቢዎቹ ያስቸገሯቸው ወይም በዚያ በኩል ማለፍ ያልፈለጉ ጥንዶች ላርናካ ሄደው ተጋብተው ይመጡና የአገር ውስጥ ሚኒስቴር ይመዘግብላቸዋል። ከቤተ እስራኤል ልጆችም እንዲህ ያደረጉ አሉ። ሰኔ 2025 ላይ ከኢራን ጋር ጦርነቱ ሲነሣና ሰማዩ ሲዘጋ ደግሞ ሰው በጀልባ ወደዚያች ደሴት ሲወጣ አይተናል። ከ1946 እስከ 1949 እንግሊዞች ወደ ፍልስጤም የሚመጡ ከ50 ሺህ በላይ አይሁዶችን እዚያው አጥረው አስረው እንደነበርም አንርሳ። ለእኛ ሩቅ አገር አይደለችም።

ወደ ደላላው ልመለስ። ሰሜኑ ከ1974 ጀምሮ በቱርክ ጦር እጅ ነው። በዚያ ዓመት ግሪክን የሚገዙት ወታደሮች ቆጵሮስ ላይ መፈንቅለ መንግሥት አስደረጉ፣ በአምስተኛው ቀን ቱርክ ገባች፣ ሰው ቤቱን ጥሎ ሸሸ። በ1983 ሰሜኑ ራሱን መንግሥት ብሎ አወጀ፣ ከቱርክ በቀር ያወቀለት የለም። አሁን በግማሽ ዋጋ የሚሸጥልህ አፓርታማ የተሠራው በአብዛኛው ሸሽቶ በሄደ ሰው መሬት ላይ ነው። ባለቤቱ ወይም ልጁ ደቡብ ውስጥ ካርታውን ይዞ ተቀምጧል። የሚያስረክቡህ ወረቀት ሰሜኑንና ደቡቡን ከሚለየው መስመር ወዲህ ዋጋ የለውም። አንድ እንግሊዛዊ ባልና ሚስት እንደዚያ ቤት ሠርተው፣ የመሬቱ ባለቤት ኒቆስያ ከስሶ አስፈረደባቸው፣ በ2009 የአውሮፓ ፍርድ ቤት ያ ፍርድ እንግሊዝ አገርም ይፈጸማል አለ። ጀርመን ያለ ንብረትህ አደጋ ላይ ነው ማለት ነው። በ2024 ደግሞ በዚያ መሬት ላይ ሕንፃ እየሠራ ሲሸጥ የነበረ አንድ እስራኤላዊ ባለሀብት ወደ ደቡብ ሲሻገር ታስሯል። ሕጉ አለ፣ ግን ሕጉን ተወውና፣ የሰው ቤት ነው። እኛ ቤታችንን ጥለን የተሰደድን ሰዎች የተሰደደን ሰው ቤት በርካሽ አንገዛም።

ለማየት ግን ሂድ። ኒቆስያ ሌድራ መንገድ ላይ በ2008 የተከፈተ መተላለፊያ አለ፣ በእግር ፓስፖርት አሳይተህ ትሻገራለህ፣ ባለቤትህም ወረቀቷን ትያዝ። መካከሉ ላይ የተባበሩት መንግሥታት ወታደሮች አሉ፣ ከ1964 ጀምሮ። ልጆችህ ጥያቄ ይጠይቁሃል፣ ጥሩ ነው። የኪራይ መኪናውን ይዘህ አትሻገር፣ ኢንሹራንሱ እዚያ አይሠራም።

ኒቆስያ ነበርኩ፣ አሁን አዲስ አበባ

እኔ ከሌላ በኩል ነው የማውቃት። ኒቆስያ ውስጥ በሰው ቤት ሠርቻለሁ። እንዲህ ያለውን ውይይት ሥራ ፈላጊዎችም ስለሚያነቡት ዝም ማለት አልፈለግሁም።

አገሩ ጥሩ ነው፣ ሰዉም ክፉ አይደለም፣ ቅዳሜና እሑድ ከተማው ውስጥ ፓርክ ላይ የሁሉም አገር ሴት ሠራተኞች ተሰብስበን እንጫወት ነበር። ነገር ግን የቤት ሠራተኛ ፈቃድ ከአንድ አሠሪ ጋር የታሰረ ነው። አሠሪሽ ደመወዝ ቢያዘገይ፣ ዕረፍትሽን ቢከለክል፣ ጥለሽ ብትወጪ ፈቃድሽ ይጠፋል። የእኔ አሠሪዎች ሰዓት የሚባል አያውቁም ነበር፣ ልጃቸውም እናታቸውም በእኔ ላይ ነበሩ። በ2023 የአገሪቱ ዝቅተኛ ደመወዝ ሲታወጅ የቤት ሠራተኞችን አላካተተም። ስለዚህ "ቆጵሮስ አውሮፓ ነው፣ ደመወዙም የአውሮፓ ነው" የሚል ወኪል ካገኛችሁ እየዋሸ ነው።

ሌላው በሰሜን በኩል ላሉ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ የሚመለምሉት ናቸው። ስኮላርሺፕ ነው፣ አውሮፓ ነው፣ እየሠራችሁ ትማራላችሁ ይላሉ። ከአፍሪካ የሄዱ ብዙ ወጣቶች እዚያ ደርሰው ክፍያው የተባለው ሳይሆን ቀርቶ፣ ሥራም አጥተው ተቸግረዋል። ሰሜኑ የአውሮፓ ኅብረት ሕግ የማይሠራበት ቦታ ነው። ከዚያ ወደ ደቡብ መሻገር ደግሞ ሕገ ወጥ መግቢያ ነው። እባካችሁ ለታናናሾቻችሁ ንገሯቸው።

ለጠያቂው ወንድሜ አንድ ነገር ብቻ። ሄደህ ብትኖርና ለልጆች ሠራተኛ ብትቀጥር፣ ፓስፖርቷን አትያዝባት፣ ሰዓቷንም በወረቀት ጻፍላት።

ከፍራንክፈርት (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ጋሼ፣ ስለ ሰሜኑ የነገሩኝን ለባለቤቴም አነበብኩላት፣ ደላላውን ከአሁን በኋላ አናነሣለትም። እህቴ ኒቆስያ የነበርሽው፣ ያልሽውን አደርጋለሁ፣ ቃሌ ነው።

ሒሳብ ሠራተኛው ወንድሜ፣ ገባኝ፤ ወይ ቤተሰቡን ይዤ እሄዳለሁ፣ ወይ ኩባንያው ጀርመን ይሁን። መካከለኛ መንገድ የለም ወይ? ጓደኛዬ ዱባይ ስለሆነ እሱ ወደ ቆጵሮስ ቢዛወርና ሥራ አስኪያጅ ቢሆን፣ እኔ ባለድርሻ ብቻ ሆኜ ብቀርስ? ደግሞ ከዱባይ በረራው እንዴት ነው?

ሒሳብ ሠራተኛ፣ ሊማሶል

እሱ መንገድ ይሠራል፣ ግን የእውነት ከሆነ ብቻ። ጓደኛህ እዚህ ቤት ተከራይቶ፣ ቢሮ ይዞ፣ ውል ፈርሞ፣ ውሳኔ ወስኖ የሚሠራ ከሆነ ኩባንያው የቆጵሮስ ነው። አንተ ፍራንክፈርት ሆነህ ትርፍ ድርሻ ስትወስድ ግብሩን ለጀርመን ትከፍላለህ፣ እሱ ተገቢ ነው። አንተ ራስህ ፕሮግራም የምትሠራ ከሆነ ግን ለሥራህ ደመወዝ ወይም ክፍያ ይኖርሃል፣ እሱም የጀርመን ገቢ ነው፣ የጀርመን አማካሪህ ውሉን ይየው። ትእዛዙን ሁሉ በስልክ አንተ እየሰጠህ እሱ እየፈረመ ከሆነ ግን ወደ መጀመሪያው ችግር ተመለስን። የጀርመን ግብር ሰብሳቢዎች ኢሜይሎቹን ያያሉ።

ለእሱ የሚሻለው ሊማሶል ወይም ኒቆስያ ነው። ሊማሶል የመርከብ አስተዳደር ኩባንያዎችና የውጭ ምንዛሪ ንግድ ድርጅቶች የበዙበት ነው፣ ሶፍትዌር የሚገዛ ደንበኛ እዚሁ ታገኛላችሁ፣ ይህንን ዕድል ሰው አያስብበትም። ሁሉም ስለ ግብር ነው የሚያወራው እንጂ ስለ ገበያው አያወራም። እኔ የመርከብ ኩባንያዎችን ሒሳብ ስሠራ ስንት ነገር አሁንም በኤክሴል እንደሚሠሩ አያለሁ፣ ሠራተኛ ሲቀያይሩ፣ መለዋወጫ ሲያዝዙ፣ ሁሉ በእጅ ነው። ጥሩ ሠሪ ካላችሁ እዚያ በር አንኳኩ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ከያዘ ግን እንዳንተ በቢጫ ወረቀት አይመጣም፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ ያስፈልገዋል፣ ይህ ከኩባንያው መመሥረቻ ጋር አብሮ የሚታቀድ ነው። ፓስፖርቱ የየት ነው?

በረራው ቀላል ነው፣ ኤሚሬትስ ከዱባይ ላርናካ ድረስ ቀጥታ ይበራል፣ ከዚያ ወደ ማልታ ይቀጥላል።

ቤት ለመግዛት አትቸኩሉ። በደቡብም ቢሆን ካርታው በገዢ ስም ሳይዛወር ዓመታት ያስቆጠረ ሕንፃ ብዙ ነበር፣ አልሚው ከባንክ ተበድሮበት ገዢው መካከል ላይ የቀረበት። የምትገዙ ከሆነ የራሳችሁን ጠበቃ ያዙ፣ ሻጩ የሚያመጣላችሁን አይደለም፣ የሽያጭ ውሉንም ወዲያው መሬት መዝገብ ቤት አስገቡት፣ የሚጠብቃችሁ እሱ ነው። መጀመሪያ ተከራይታችሁ ክረምቱንም በጋውንም እዩት። ገንዘብ ክፈሉና ፓስፖርት ውሰዱ የሚላችሁም ካለ፣ ያ ፕሮግራም በኅዳር 2020 ተዘግቷል።

ላርናካ የምኖረው

ሊማሶልን ከማየታችሁ በፊት ላርናካ እኛ ቤት ቡና ትጠጣላችሁ። ባለቤትህ ለዐቢይ ጾም የምታስበው ሽሮ ካለ ታምጣ፣ እዚህ እንደልብ አይገኝም። የጾሙን መጨረሻ ሳምንት ስትመጡ የሆቴል ዋጋ ስለሚወደድ አሁን ያዙ፣ የአልዓዛር ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ብትይዙ ሁሉም ነገር በእግር ነው፣ የባሕሩ ዳር መንገድም ቅርብ ነው። ከከተማው ውጭ የጨው ሐይቅ አለ። በክረምት ፍላሚንጎ ወፎች ይሰፍሩበታል፣ በፋሲካ ሲሄዱ የቀሩ ካሉ ለልጆቹ ታሳያላችሁ። ዳሩ ላይ ያለው መስጊድ የነቢዩ መሐመድ ዘመድ የሆነችው ኡም ሐራም የተቀበረችበት ነው፣ ሙስሊም ጓደኞቻችሁ ካሉ ይህን ሳያዩ አይመለሱ።

ከፍራንክፈርት (ጠያቂ)

ጓደኛዬ የካናዳ ፓስፖርት ነው ያለው። ሊንኩን ልኬለታለሁ፣ እሱ ራሱ ይጽፍልሃል። እኛ ሆሳዕና ዋዜማ ላርናካ እንገባለን፣ ሽሮው ይመጣል፣ በርበሬም እጨምራለሁ።